ቀረሮውን ልንቆርጥ የተሰበሰብን ቀን

ሰው እምነቱን ሲለውጥ መጀመሪያ የሚለወጠው አፉ ነው። አፍ ታዛዥ ነው፤ ትናንት የማለበትን ዛሬ ይረግመዋል። ቀጥሎ ጓደኛ ይለወጣል፣ ከዚያ በሠርግ ላይ የሚጠጣው ነገር። እጅ ግን አመሉ ሌላ ነው። አያት ያስለመዱትን እንደያዘ ኪስ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ይጠብቃል። አታምኑኝም? እኔ ቦንጋ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ማጋነን ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ጎረቤቴ ኮቺቶ በሺሺንዳ መንገድ ካለው ግቢው ጀርባ አንድ ቀረሮ ዛፍ አለው። ጫፉ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛ የሩቁ ዋጫ ገበያ መቆሙንና አለመቆሙን ከዚያው ሆኖ ያያል። ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ፣ አዲስ እህል ከመቅመሳቸው በፊት ከዛፉ ሥር ማርና እሸት ያስቀምጡ ነበር፤ ለጫካው ባለቤት ምስጋና መሆኑ ነው፤ ደጆ ይሉታል። ኮቺቶ ጴንጤ ከሆነ ቆይቷል። ዘንድሮ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌነት ሲታጭ ግን ሐሜቱ ተነሳ፤ “ዛፉ አሁንም ይበላል” ተባለ። ኮቺቶ ሽምግልናውን እንደ ሙሽራ ይጠብቃል። ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፊት ዛፉን ሊቆርጥ ቃል ገባ። ሳምንቱን ሙሉ መጥረቢያ ሲስል አየሁት፤ ቀና ብሎ ቅርንጫፉን ሲያይ ግን አላየሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እትዬ አስቴር ከፊት፣ ከጌሻ፣ ከደካ የመጡት ጋሽ አለሙ ከኋላ። መጥረቢያው ሊነሳ ሲል አንዲት ፈረንጅ ከባጃጅ ወረደች። የያዘችው ቦርሳ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነሰርቪሱ ያስገባል። አስተርጓሚ ስትፈልግ እኔ ዘንድ የላኳት ያረፈችበት ሆቴል ሰዎች ናቸው።

የሴትየዋ እምነት በያይነቱ ነው። ጥቂት ከግሪክ፣ ጥቂት ከሰሜን አውሮፓ፣ የቀረውን ከራሷ፤ ጨረቃ ደግሞ እንደ ቃሪያ ስንጥቅ ከላይ። ዛፍ ታከብራለች። ይሄኛው ዛሬ እንደሚቆረጥ ስነግራት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። “ልሰናበተው” አለች።

እትዬ አስቴር ልባቸው ራራ። “እንግዳ ናት እንግዲህ። ቶሎ በይ በላት” አሉኝ።

ጫማዋን አወለቀች። ጨው በተነች፣ ሻማ አበራች፣ ላባና ጠጠር ደረደረች። እኛ አውቶቡስ እንደዘገየበት መንገደኛ ቆመን እናያለን። በመጨረሻ ከገበያ የገዛችውን ማር አወጣችና ቆማ፣ በግራ እጇ፣ በፀሐይ መግቢያ በኩል አፈሰሰችው።

“እንደሱ አይደለም!”

የጮኸው ኮቺቶ ነው። “ቆማ? በግራ እጅ? ጋሼ፣ ንገራት እንጂ! በምሥራቅ በኩል ነው፣ ተንበርክካ፣ ቅጠል አንጥፋ!”

ሽምግልናው በግቢው በር ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ኮቺቶም አየው መሰል፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔ ግን አስተርጓሚ ነኝ፤ ተረጎምኩ። ሴትየዋ ፈገግ አለች። “በእኔ እምነት ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ ልብ እንዳዘዘው ነው።” ይህንንም ተረጎምኩ። ባልተረጎምኩ!

“እንዴት የለም? አለ እንጂ!” አሉ እትዬ አስቴር። “ቅጠሉም ቢሆን የኮባ ነው። ዝም ብሎ ቅጠል አይሆንም።”

“ማሩ ደግሞ እሸቱ ላይ ነው የሚፈሰው” አሉ ጋሽ አለሙ።

“እሱ የጌሻ ነው!” አሉ እትዬ አስቴር።

“የጌሻ ምን ሆነ? እናንተ ከማን ተማራችሁት?”

ክርክሩ ጦፈ። ኮቺቶ መሐል ገብቶ “የአባቴን እጅ እኔ ነኝ ያየሁት” ይላል። ሴትየዋ ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። “ሥነ መለኮት ነው” አልኳት። በስንት ጊዜዬ አንድ እውነት ተናገርኩ።

ኮባ ተቆርጦ መጣ። እሷም እንደታዘዘችው ተንበርክካ እንደ አዲስ ጀመረች፤ እነሱ ከላይ ቆመው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ያያሉ። ስትጨርስ እትዬ አስቴር “እሰይ፣ አሁን ሆነ” አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ማን ማንን ይክሰስ? ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር።

ከመሬት ቀድመው ቀና ያሉት ጋሽ አለሙ ናቸው። “ይሄ ዛፍ ቀፎ የለበትም እንዴ?” አሉ ወደ ላይ እያዩ። በእኛ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ መጥረቢያ አይነካውም፤ ሕፃን የሚያውቀው ነው።

“የለበትም” አለ የዋሁ ኮቺቶ።

“አለበት” አሉ እትዬ አስቴር። “አንተ ሂድና ቀፎ አምጣ።”

ከሰዓት በኋላ ባዶ ቀፎ ተሰቀለ። ከዚያ ዛፍ ላይ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ከተማው በሙሉ ያያል፤ በመንገድ ያለፈም ቆሞ አየ፣ “በርቱ” ያለንም ነበር። እሁድ፣ ኦርቶዶክሱ እኔ፣ ከጴንጤዎቹ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ አልቀረሁም። ወንድም ኮቺቶ መጥረቢያውን ስሎ እንደቀረበ፣ ዛፉ ግን ለንቦቹ ሲባል እንደተተወ፣ እሱም ለሽምግልና እንደጸደቀ እትዬ አስቴር ለጉባኤው ተናገሩ። አዳራሹ “አሜን” አለ።

የትኞቹ ንቦች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።