ከታክሲ የቀደሙኝ እርግቦች

ክረምት ጨዋ ነው፤ የሰውን ገመና ይሸፍናል። የመስከረም ፀሐይ ግን አትምርም። ገና ብቅ ስትል የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በዝናቡ እርጥበት ሲጠጣ የከረመውን ብርድ ልብስ፣ ፍራሽና ምንጣፍ ተሸክሞ ይወጣና ያሰጣል። ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ኖራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። በዚያ ሰሞን የማን ትራስ እንደተቀደደ፣ የማን አንሶላ ከሠርጉ ወዲህ እንዳልተቀየረ፣ ያ በሱፍና በከረባት የሚወጣው ጎረቤት በምን ዓይነት ቁምጣ እንደሚተኛ ሳትጠይቁ ይነገራችኋል። ጥቢ ለገበሬ እሸት ነው። ለእኛ እጥበት ነው።

ለእኔ ደግሞ እርግብ ነው። ከትምህርት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ያለ ጠብ ነው የተለያየነው፣ አንዳችን ሌላችንን አልፈለግንም። አሁን ቦሌ ሚካኤል የስልክ ከቨርና ቻርጀር እሸጣለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እናቴ «እግርህ ሥር ጉንዳን አለ ወይ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አርፌ የምቀመጠው እርግቦቼን ሳይ ብቻ ነው። ሰው የጣለውን ቁም ሳጥን ጠጋግኜ በብሎካችን የጋራ ቤት ጣሪያ ላይ ቤት ሠራሁላቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በሩን ስከፍትላቸው ብር ብለው ይወጣሉ፤ ክረምቱ ባጠበው ሰማይ ላይ ይዞራሉ፤ ከእነሱ ወዲያ አንዱ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ይወርዳል። የማንም አይደለም የተባለ ሰማይ ለእኔ ተከራይቶ የተሰጠኝ ይመስለኛል። በዚያች ሰዓት ተመስገን ለማለት ሰባኪ አያስፈልገኝም።

ችግሩ፣ እርግብም ይበላል። የበላ ደግሞ… እንግዲህ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ይገባችኋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር ማርታ ከታች ጠራችኝ። ሲስተር ማርታ የነቀምት ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ የብሎካችን ኮሚቴ አባልም ናት። በእጇ እንደ በረዶ የነጣ የሥራ ጋውኗን ይዛለች። ትከሻው ላይ እንደ በረዶ ያልነጣ ነገር አለ።

«ቢኒ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሲስተርዬ፣ እርግብ ከጣለችበት በረከት ነው ይባላል እኮ።»

«በረከቱን ለብሼ በሽተኛ ልውጋበት?»

እስከ እሁድ እርግቦቹ ካልተነሱ በኮሚቴ እንደምታስነሳቸው ነገረችኝ።

እውነቱን ለመናገር ሲስተር የተናደደችው በእርግቦቼ ብቻ አልነበረም። ፎቅ ላይ ያሉት እትዬ ዘይነብ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ አንድ ረጅም ምንጣፍ አላቸው። ፀሐይ የወጣች ዕለት ያንን ምንጣፍ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጉት። ሲስተር ማርታ ለልብሷ ቦታ ልታበጅ ገፋ ብታደርገው ጭቃ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ሲስተር ቀሪውን ንዴቷን በእርግቦቼ ላይ ተወጣችው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

እትዬ ዘይነብ ከበረንዳቸው ሆነው ይሰሙ ኖሯል። ለነፋሱ ተናገሩ።

«ወላሂ ዘንድሮ የማይሰማ የለም! እርግብ ይባረራል? እርግብ ጠብ ያለበት ቤት አትቀመጥም። ከመጣች አላህን ማመስገን ነው እንጂ!»

ሲስተርም ለነፋሱ መለሰች። ነፋሱ እኔ ነበርኩ። «ቢኒ፣ በሰው ሽቦ ላይ ሜዳ የሚያህል ምንጣፍ የሚዘረጋ ሰው ስለ ጠብ አያውራ በላቸው።»

«ቢኒ፣ የሰው ምንጣፍ ጭቃ ላይ የጣለችውም ስለ ንጽሕና አታውራ በላት!»

ገባሁና ካርቶን ፈለግሁ።

አትላስ አካባቢ ሮቤል የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ አስተናጋጅ ነው፤ እሱም እርግብ ይወዳል። በማግሥቱ እርግቦቼን በተበሳሳ ካርቶን አድርጌ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከውስጥ ኩርርር ሲሉ ረዳቱ ዞር አለ።

«ወንድሜ፣ ካርቶኑ ይጸልያል እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጭኔ ላይ ሲሞቁኝ ይሰማኝ ነበር። ሰው ከፍቅረኛው ሲለያይ ቢያንስ በካርቶን ይዟት አይሄድም።

እርግብ የሚያረባ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ አዲስ ቤት የገባች እርግብ እንቁላል ጥላ እስክትታቀፍ በር አይከፈትላትም። ቀድማ ከወጣች የምታውቀው የድሮ ቤቷን ነው። ለሮቤልም ይኼንኑ ደጋግሜ ነገርኩት። «አታስብ ብሮ፣ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለኝ። ብቻዬን አንዲት ካፌ በር ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ ጠጣሁ። ስኳር አድርጌበት መረረኝ። ከዚያ ታክሲ ያዝኩ።

ቦሌ ሚካኤል ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮት ሲያማ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ማርታ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፣ በሽተኛ የተኛበት ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል።

«ቢኒ፣ የት ነህ? እርግቦችህ እዚህ ናቸው።»

«ሲስተር፣ እነሱን እኮ አትላስ ወስጄ ለሰው ሰጥቻቸዋለሁ።»

«እያየኋቸው እኮ ነው! ቤታቸው ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ተደርድረዋል። ነጯ በሩን በአፏ እያንኳኳች ነው።» ቀጥላ ጠየቀችኝ። «ምንድን ነው የሚበሉት?»

ወዲያው ለሮቤል ደወልኩ። እየተንተባተበ፣ «ብሮ፣ ለቲክቶክ ነበር። ሲበሩ አንድ ቪዲዮ ብቻ…»

አመስግኜው ዘጋሁ። ለምን እንዳመሰገንኩት እስካሁን አልገባውም።

ከታክሲው ወርጄ በእግሬ ገሠገሥኩ። ስደርስ ሁለቱ ሴቶች ጣሪያው ሥር ጎን ለጎን ቆመው ወደ ላይ አንጋጠዋል። እትዬ ዘይነብ በጣሳ ስንዴ ይዘዋል። ሲስተር ማርታ በጆግ ውኃ ይዛለች። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል አይደለም።

«እርግብ ጠብ ያለበት ቤት አትመለስም» አሉ እትዬ ዘይነብ፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ።

«እንደዚያ ነው የሚባለው?» አለች ሲስተር።

«እንደዚያ ነው።»

«እንግዲህ ከተመለሱ…»

«እንግዲህማ ሰላም ነን ማለት ነዋ!»

ሁለቱም እርግቦቹን ለማሳፈር አልደፈሩም። ለካ ለመታረቅ ልባቸው ከተነሳ ቆይቷል፤ ያጡት ሽማግሌ ነው። እትዬ ዘይነብ በግራ እጃቸው የሲስተርን ትከሻ አቅፈው «አብሽሪ፣ የምንጣፍ ነገር» አሉ። ሲስተር «ጌታ ይባርክዎት እማዬ፣ አሳጥበዋለሁ እኮ» አለች። እኔ መሰላል ፍለጋ ሮጥኩ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።

የኮሚቴው ውሳኔ አጭር ሆነ፤ እርግቦቹ ይቆዩ፣ የሚያበላሹትን ልብስ ግን ቢኒ ይጠብ። ደስ እያለኝ ተስማማሁ። አሁን ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ሳፋ፣ ኦሞና የጎረቤት ልብስ በር ላይ ይጠብቀኛል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤት የጠረጴዛ ልብስ አምጥታ «ያንተ ጉዶች እንዲህ አደረጉልኝ» አለችኝ። ገልበጥ አድርጌ አየሁት። የሽሮ ወጥ ነው።

እርግቦቼ ሽሮ አይበሉም። ተመስገን ብዬ አጠብኩት።