ቀድሞ አጨብጫቢው

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እሱ አይጠፋም። ንግግር ይሁን ምርቃት ወይም ቴአትር፣ ነገሩ ሳያልቅ የሚያጨበጭብ ሰው ማለቴ ነው። ሌላው ሰው በስሕተት ቢያጨበጭብ አንዴ ጧ አድርጎ፣ አፍሮ እጁን ይሰበስባል። እሱ ግን ማፈርን አልፈጠረበትም።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ክቡር ቀድሞ አጨብጫቢ፣ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነው። መዳፉ ከመጠንከሩ የተነሣ ሲያጨበጭብ ሁለት ሳንቃ የተጋጨ ይመስላል። ልጁ ትምህርት ስትጨርስ ርእሰ መምህሩ ገና «በመጨረሻም» ከማለታቸው አዳራሹን አናጋው፤ ሰውዬውም የቀረውን ወረቀት አጥፈው ተቀመጡ። ሐኪሙ «ልብዎ ደህና ነው፣ ነገር ግን…» ሲለውም አጨብጭቧል። ነገር ግን ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። ሲወቅሱት መልሱ አንድ ነው፤ «ደስ ካለኝ ምን ልጠብቅ?»

ሚስቱ ሰው ፊት ማስነጠስ የምታፍር ዝምተኛ ናት። እሱ ሲያጨበጭብ ቦርሳዋን ከፍታ ያልጠፋ ነገር ትፈልጋለች። ሁሉንም ችላዋለች፤ አንዱን ብቻ በሆዷ ይዛለች።

በእጮኝነታቸው ጊዜ ሙዚቃዊ ቴአትር ሊያሳያት ወሰዳት። የመጨረሻው ምሽት ነበር። መሪዋ ተዋናይት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ደረጃ ላይ ቆማ የስንብት ዘፈኗን ዘፈነች። የመጨረሻው ስንኝ ሲቀራት ዝም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። አናጢው አጨበጨበ። ሕዝቡ ተከተለው፤ መጋረጃ የሚያወርደውም ሰው ያለቀ መስሎት ለቀቀው። ያ ስንኝ ሳይሰማ ቀረ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ልብስ ስትተኩስ ያንን ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ እዚያ ጋ ስትደርስ ታቆማለች።

ዘንድሮ የዚያ ዘመን መሪ ተዋናዮች ባንድ መድረክ ኮንሰርት እንደሚያቀርቡ ተሰማ። ያቺም አለችበት። ሚስቱ ዓይኗን ከካውያው ሳታነሣ፣ «እስቲ አሁን እንኳ እስከ መጨረሻው ልስማው» አለችው። በዕድሜዋ ሙሉ የለመነችው ይህንን ብቻ ስለሆነ ደነገጠ። እጁ ላይ እንደሚቀመጥ ቃል ገባላት።

እውነትም ተቀመጠበት። አንዷ ተዋናይት ከዘራዋን ለፒያኖ ተጫዋቹ አስይዛ በወገቧ አዳራሹን ቀወጠችው። ሌላዋ መነጽሯን እንዳደረገች የኮረዳነት ዘፈኗን ስትዘፍን እውነትም ኮረዳ ሆነች። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ አናጢው ከንፈሩን ነክሶ፣ ሽንት እንደያዘው ሕፃን ይቁነጠነጣል።

በመጨረሻ አንጋፋዋ ወጣች። በአረንጓዴው ቀሚስ ፋንታ ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ቃላቱን የምታወጣበት ለዛ ግን ያው የድሮው ነው። እዚያው ቦታ ስትደርስ ዝም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የአናጢው ሚስት አንገቷን አስግጋ ጠበቀች።

ፒያኖው መግቢያውን ሰጣት፤ አልገባችም። ደገመላት። አንጋፋዋ ዓይኗን ስትከፍት መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነበር የምታየው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊያፍን ሲታገል ተሰማ።

ያኔ አንድ ሰው አጨበጨበ።

አናጢው ክው ብሎ ዞረ። ሚስቱ ናት። ቦርሳዋ መሬት ወድቆ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ቆማ ታጨበጭባለች። ቀጥሎ የፊቱ ረድፍ ተነሣ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አንጋፋዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዘፈኑን ጨርሳ እንደቆመች ሰው ቀስ ብላ እጅ ነሣች።

ሚስቱ ቁጭ ስትል አናጢው እጆቹን አውጥቶ የሰው እቃ ይመስል ያያቸዋል።

«ደነዘዙብኝ» አላት፣ ጆሮዋ ሥር ገብቶ። «ላጨበጭብላት ፈልጌ አልታዘዝ አሉኝ።»

አንድ እጁን ወደ ጭኗ ሳብ አድርጋ ታሸው ጀመር። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ እነሱ ብቻ ተቀምጠው ነበር።