የአቶ ባንታየሁ ሦስተኛ ጠባሳ

ሐበሻ ባለበት አገር ሁሉ፣ አምስት ሰው ከተሰበሰበ አንዱ ጠባሳውን የሚያሳይ ነው። በር ጣትህን ቆረጠህ እንበል፤ ገና "ወይኔ" ብለህ ሳትጨርስ እሱ ሱሪውን ወደ ላይ መሰብሰብ ይጀምራል። አንተ ያመመህ በከንቱ ነው፤ ሕመም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በናይሮቢ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክቡር አቶ ባንታየሁ ናቸው። ዌስትላንድስ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ይሠራሉ፤ ዋናው ሥራቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኢስትሊ፣ ማንጠግቦሽ ምግብ ቤት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሰው ሕመሙን ሲያወራ በትዕግሥት ይሰማሉ። ከዚያ "እሱማ ጭረት ነው!" ይላሉ። የማንጠግቦሽ የሐሞት ጠጠር ጭረት ነው። የባለሱቁ የአብዱልፈታ የልብ ቀዶ ሕክምና እንኳ፣ ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ፣ ጭረት ተብሏል። ሚስታቸው እህተማርያም በዚህ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ሰላጣዋን ትበላለች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ከዳዊት ይልቅ በቃሏ ታውቀዋለች።

አንደኛው ጠባሳ አገጫቸው ላይ ነው። ባሕር ዳር፣ በዘጠኝ ዓመታቸው፣ ለግማሽ ሰዓት በተከራዩት ብስክሌት። ፍሬን እንደሌለው አከራዩ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ፍሬን የሚባል ነገር እንደሚያስፈልግ ያወቁት መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ነው። ያረፉት የአንዲት ባልቴት ሰሌን ላይ ነበር፤ ሰሌኑ ላይ ደግሞ የዓመቱ በርበሬ ተሰጥቷል። "የተከፈተ አገጭ፣ የተሰጣ በርበሬ!" ይላሉ አቶ ባንታየሁ፤ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም ይላሉ። ባልቴቲቱ መጀመሪያ ለበርበሬው አለቀሱ፣ ቀጥለው ለልጁ።

ሁለተኛው ጉልበታቸው ላይ ስለሆነ ሱሪ መሰብሰብን ይጠይቃል። አዲስ አበባ፣ ሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ ብስክሌቱ የተውሶ። በመንገዱ ዳር የምትሄደውን እህተማርያምን ለማስደመም አንድ እጃቸውን ለቀው ሰላምታ ሲሰጡ የለቅሶ ድንኳን ገመድ ጠለፋቸውና ከነብስክሌታቸው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ለቀስተኛው መርዶ ሰምቶ ከሩቅ የመጣ የቅርብ ዘመድ መሰለው። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ይዘው ደገፏቸው፤ ሴቶቹ እንደ አዲስ ሙሾ አወጡ። በዚህ መሀል ሰው ምን ይላል? አብረው አለቀሱ፤ ንፍሮም በሉ። እህተማርያም ውጭ ቆማ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀቻቸው። ያን ቀን ለምን ጥላቸው እንዳልሄደች ዛሬም አታውቅም።

ሦስተኛው ግን ዘውዱ ነው፤ የግራ ቅንድባቸውን ለሁለት የከፈለው፣ ስድስት ስፌት የፈጀው። በፈረንጆች 2005፣ በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ሞምባሳ መንገድ፣ ወደ ሳውዝ ሲ መገንጠያው ላይ። ጎኑ ላይ አንበሳ የተሳለበት ማታቱ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ በሙዚቃው ምድር እያንቀጠቀጠ፣ እየበረረ መጣ። ማታቱው በየዓመቱ ይፈጥናል፤ አንበሳውም በየዓመቱ ጎፈር ይጨምራል።

እህተማርያም ማታቱ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ታውቃለች። አቶ ባንታየሁ ብስክሌቱን ሁለት ቀን ብቻ ወደ ሥራ ነድተው፣ የናይሮቢን መንገድ አይተው፣ ጣሪያ ላይ ሊሰቅሉት ወሰኑ። በርጩማ ላይ ወጡ። በርጩማውን የያዘችው እሷ ነበረች። ስልኳ ጮኸ፤ ለቀቀችው። በርጩማው ወደ ግራ፣ ባል ወደ ቀኝ፣ ብስክሌቱ ከላይ፤ ፔዳሉ ቅንድብ ላይ አረፈ።

በማግስቱ ታላቅ እህታቸው እትዬ እታገኘሁ ከባሕር ዳር ደወሉ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አቶ ባንታየሁን ያሳደጉት እኚህ እህት ናቸው፤ ባልና ሚስቱን ወደ ናይሮቢ ሲሸኙም እህተማርያምን አንገቷን አቅፈው "አደራሽን፣ ወንድሜን!" ብለዋታል። አቶ ባንታየሁ ጭንቅላታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ስልኩን ያዙ፣ ሚስታቸውን አየት አደረጉ፣ "ማታቱ ነው፣ እትዬ" አሉ። ማታቱው የተወለደው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ እየመገቡ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ፣ እህተማርያም ጉረኛ ባል እንደደረሳት ብቻ አስባ ተቀመጠች።

ከሦስት ዓመት በኋላ እትዬ እታገኘሁ ለጥየቃ ናይሮቢ መጡና ቅዳሜ ማንጠግቦሽ ቤት ተጋበዙ። አቶ ባንታየሁ ሁለቱን ጠባሳ አሳይተው ሦስተኛው ላይ ደረሱ። አንበሳው ብቅ ሲል፣ እዚሁ ናይሮቢ ያደገው የማንጠግቦሽ ልጅ ኢዮኤል ሹካውን አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ዌይት። ቱ ታውዘንድ ፋይቭ ነው ያሉት? ያኔ እኮ በአዲሱ ሕግ ማታቱ ላይ ግራፊቲ፣ ሥዕል ምናምን፣ ክልክል ነበር። ቢጫው መስመር ብቻ ነው የነበረው። አንበሳው ከየት መጣ፣ ባና?" አለ በናይሮቢ ልጅ አነጋገር።

ገበታው በሳቅ ተናጋ። እትዬ እታገኘሁ ግን አልሳቁም። "ባንቴ፣ ታዲያ ቅንድብህን ምን አገኘው?" ብለው ወደ ወንድማቸው አዩ፤ ከዚያም ወደ እህተማርያም።

አቶ ባንታየሁ እውነቱን ቢናገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነፃ መውጣት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። "እንግዲህ... ጭንቅላቴን ተመትቼ ስለነበር አንበሳ መስሎኝ ይሆናል" አሉ። ሳቁ ባሰ። አብዱልፈታ ሦስት ዓመት የጠበቀው ቀን ነበርና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እህተማርያም ባሏን አየች፤ ማታቱው ለማን ሲባል ሲበር እንደኖረ ያኔ ገባት። አፈረች።

"እትዬ፣ ማታቱ አልነበረም" አለች። "ሳይክሉን ሊሰቅል በርጩማ ላይ ወጥቶ፣ በርጩማውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስልክ ሲጮህ ለቀቅኩት። የጣልኩት እኔ ነኝ፤ አደራዎን በልቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

የእትዬ እታገኘሁ ዓይን እንባ ሞላ።

"አያችሁ?" አሉ። "ባሏ እንዳይሳቅበት ብላ ጥፋቱን በራሷ አደረገችው! እኔ ኃጢአተኛዋ ስጠረጥራት ኖሬ!"

"እውነቴን እኮ ነው፣ እትዬ..."

"ዝም በይ የኔ ልጅ! እንዳንቺ ያለች ሚስት የት ትገኛለች?" ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉና አፏ ውስጥ ከተቱት። በጎረሰ አፍ ንስሐ አይገባም። አቶ ባንታየሁም በዚህ መሀል ነፍስ ዘርተው "ማታቱ ነው አልኳችሁ!" እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድቡ ጀመር።

በታክሲ ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬ እታገኘሁ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። አቶ ባንታየሁ አኩርፈዋል።

"ምን አስቀባጠረሽ?" አሉ በሹክሹክታ።

"እውነት ነዋ።"

"እውነት ማን ጠየቀሽ?"

እህተማርያም ለሁለት የተከፈለውን ቅንድብ አየችው። ያን ሰዓት ይህን ሰው እንደ ልጅነቷ ወደደችው፤ ንግግሯ ግን የሥራ ነበር።

"አንበሳው ላይ ቀለም ቀብተውበት ነበር እንላለን" አለች። "አዲሱ ሕግ ሲመጣ፣ ቸኩለው። ግን ጅራቱን ረስተውታል።"

አቶ ባንታየሁ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ጅራቱን!" አሉ በአድናቆት። "ጅራቱ እኮ ነው የመታኝ።"