ካርቡሬተሩ ነው

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በዚህ ከተማ «አላውቅም» የሚል ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ግን ፈልጌ ፈልጌ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎሮ ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ፣ ስኩተሬ አልነሳም አለች። ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን ፒጃማቸውን እንደለበሱ ብቅ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«ካርቡሬተሩ ነው» አሉ፣ ገና በቅጡ ሳያዩዋት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ ቤንዚንና አየር የሚጋቡት እዚያ ነው። ቆሻሻ ከገባበት ትዳሩ ይፈርሳል። ይልቅ ካቻቢቴ አምጣ!»

ፈታነው። ብሎኖቹን ጋዜጣ ላይ ደርድረን ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአፋችን ነፋን። «አሁን በቤንዚን ይታጠብ» ሲሉኝ ከታንከሯ ልቀዳ ሞከርኩ፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ባሏ ሞተር ካለው ከጎረቤታችን ከዘምዘም አንድ ኩባያ ቤንዚን ለምኜ መጣሁ! አጥበን፣ ቤንዚኑን ደፍተን፣ መልሰን ገጠምነው። እስከ ቀትር ብንረግጣት ወይ ፍንክች!

«በደንብ አልጸዳም፤ እንደገና እንፍታው» አሉ ጋሽ መኮንን።

ዘምዘም ኩባያዋን ልትወስድ መጣችና «ለመሆኑ ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን አለ?» አለችን።

ተያየን።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን።

ትናንት ደግሞ ጉርድ ሾላ ላይ ቤንዚን የሚባል ቀምሳ የማታውቅ የኤሌክትሪክ መኪና መሐል መንገድ ቆማ አገኘሁ። ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ምን ነክቷት ይመስልሃል?» አለኝ። «አላውቅም» ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ካርቡሬተሩ ነው» አልኩት።

ሾፌሩ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለኝ።