ሁለት ጉርድ ከነማህተሙ

[በአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ያለች ጠባብ የልብስ ስፌት ክፍል። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪና፣ በግድግዳው በኩል የካውያ ጠረጴዛ። ልብስ ሰፊው የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። በዚህ የተነሣ ስሙ "ሊቁ" ሆኖ ቀርቷል። ካውያውን የያዘው የእህቱ ባል ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ልብስ ሲተኩስ ስለኖረ ሰው ሁሉ "ተኳሹ" ይለዋል። ጊዜው ረፋድ ነው። ሊቁ ከማለዳ ጀምሮ ሁለት ጉርድ ቀሚስ ሰፍቶ የመጨረሻውን ክር በጥርሱ ይበጥሳል። ጉርዶቹ የሴት አይደሉም። አንዱ የራሱ፣ አንዱ የአማቹ ነው።]

ተኳሹ: ኪስ ከሌለው አልለብስም። በቃ!

ሊቁ: ጉርድ ኪስ የለውም አልኩህ እኮ! የት ነው ጉርድ ኪስ ኖሮት ያየኸው?

ተኳሹ: እጄን ታዲያ ምን ላድርገው?

ሊቁ: እጅህ ካውያ ይዟል።

ተኳሹ: ውጭ ስወጣስ? ሰው ዓይኑን ሲጥልብኝ እጄን የት ልክተተው?

ሊቁ: ሰው የሚያየው እግርህን፣ አንተ የምትደብቀው እጅህን! እሺ፣ እሺ፣ ላንተ ኪስ ይደረግልህ። እኔ ግን አልፈልግም። ኪስ ቅርጽ ያበላሻል። [ከተረፈ ጨርቅ ቆርጦ ኪስ ይለጥፋል።] ለምን ዓይነቱ ሰው ነው እህቴን የዳርኩት!

ተኳሹ: ግን ሊቁ፣ እርግጠኛ ነህ? ቢሮ ወንዱን ሁሉ ጉርድ ልበስ ብሎ ያዛል?

ሊቁ: ራስህ ያመጣኸው ወረቀት አይደለም እንዴ? ማንበብ ትችል የለ?

ተኳሹ: ማንበቡንስ እችላለሁ። መረዳቱ ላይ ነው የምደክመው።

ሊቁ: መረዳቱን ለእኔ ተወው። [መነጽሩን አስተካክሎ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል።] "ማስታወቂያ። የሕንፃው ሠራተኛ በሙሉ፣ ወንድም ሴትም ሳይል፣ በቅርብ ጊዜ የተነሣ፣ ባለ ቀለም፣ ጀርባው ነጭ የሆነ፣ መጠኑ ሦስት በአራት፣ ያለ ኮፍያና ያለ መነጽር፣ ሁለት ጉርድ..." እዚህ ጋ ካውያህ አቃጥሎታል።

ተኳሹ: ይቅርታ፣ ከእጄ አምልጦኝ ነው።

ሊቁ: "...ይዞ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ድረስ አራተኛ ፎቅ አስተዳደር ቢሮ ይቅረብ። ያላቀረበ ከዓርብ ጀምሮ ወደ ሕንፃው አይገባም።" ሐሙስ ደግሞ ዛሬ ነው። ማህተም አለው። ፊርማ አለው። ሌላ ምን ይጨመርልህ?

ተኳሹ: የተቃጠለው ቦታ ላይ ግን ምን ነበር ይሆን?

ሊቁ: አንዲት ቃል ናት። "ቀሚስ" ነዋ! ጉርድ ምን? ጉርድ ቀሚስ! ሌላ ጉርድ ታውቃለህ?

ተኳሹ: እኔ ምኑን አውቄ!

ሊቁ: እንግዲያ ዝም በል።

ተኳሹ: አንድ ነገር ብቻ። "ይዞ" ነው የሚለው፤ "ለብሶ" አይልም።

ሊቁ: አንተ ሰውዬ! ጉርድ በእጅህ አንጠልጥለህ ብትሄድ የሚስቱን ልብስ ሊያስቀይር መጣ አይሉህም? የለበሰ ሰው ይዟል። ደግሞም ላስቲኩ ወገብህን ይዞልህ የለ? ይዞ ማለት እሱ ነው።

ተኳሹ: ሁለትስ ለምን አሉ?

ሊቁ: እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ነን?

ተኳሹ: እኔና አንተ... ሁለት።

ሊቁ: አየህ፣ ቆጥረውናል!

ተኳሹ: ወይ እውቀት! "ሦስት በአራት"ስ?

ሊቁ: እሷስ ትንሽ አስጨንቃኝ ነበር። ሜትር ነው እንዳልል ድንኳን ሊወጣው ነው። ሳንቲ ሜትር ነው እንዳልል ለድመትም አይበቃ። በኋላ ነው የገባኝ። ሽንሽኑ ነው! ከፊት ሦስት ሽንሽን፣ ከኋላ አራት።

ተኳሹ: እኔ ብሆን ዓመት አስቤም አይመጣልኝ። "በቅርብ ጊዜ የተነሣ"ስ?

ሊቁ: ከጉልበት ከፍ ብሎ የተነሣ ማለት ነዋ። አራት ጣት አንሥቼዋለሁ። ከዚያ በላይ ነውር ነው። [ጉርዱን ዘርግቶ ያሳያል። ፊቱ ግራጫ የሱሪ ጨርቅ፣ ጀርባው ለኮት ገበር የተገዛ ነጭ ጨርቅ ነው።] ይኸው ባለ ቀለም፣ ይኸው ጀርባው ነጭ! አንዲት ነገር አላጎደልኩም።

ተኳሹ: ነጩ ስቀመጥ ይቆሽሻል።

ሊቁ: አትቀመጣ! ተኳሽ ሲቀመጥ የት አየህ?

ተኳሹ: [ካውያውን ውኃ በነካ ጨርቅ ላይ ይጫናል። እንፋሎቱ ከሆዱ በታች ይጠፋል።] ሊቁ፣ አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቆጣ። ባለፈው እኮ ለምኜህ ነበር።

ሊቁ: ምን ብለህ?

ተኳሹ: በዚህ እንፋሎት ጭኔ ተላጠ፤ ሱሪው እሳት ሆነብኝ፤ ሰፋ ያለ፣ አየር የሚያስገባ ጉርድ ስፋልኝ አልኩህ። አንተ ግን ላገኘኸው ደንበኛ ሁሉ እያወራህ ሳቅክብኝ። ሳምንቱን ሙሉ "እሜቴ፣ ካውያው ሞቀልዎ?" ስትለኝ ከረምክ።

ሊቁ: እሱ ሌላ ነው! ያ ያንተ ሐሳብ ነበር። ይሄ ማህተም ያለው ነው።

ተኳሹ: ጭኑ ግን ያው ጭን ነው። እህትህ ቅባት ስትቀባኝ ትውላለች። "ወይ ልብሱን ወይ ሥራውን ቀይር፤ ሦስተኛ የለም" ብላኛለች።

ሊቁ: ሥራውን? [መቀሱ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የተኳሹ እጅ ያላረፈበት ኮት ትከሻው እንደማይቆም ልቡ ያውቃል፤ አፉ ግን አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም።] እሷ ደግሞ ነገር ታካብዳለች! ትተኸኝስ የት ልትሄድ? ስምህ ተኳሽ ነው እንጂ አንዲት ዝንብ መትተህ አታውቅም።

ተኳሹ: እሱስ እውነትህን ነው።

ሊቁ: አንዲት ነገር ግን አልክድህም። በዐሥራ አምስት ዓመት አንዲት ክር አላቃጠልክብኝም። ወረቀት ላይ ነው ጉድ ያፈላኸው።

ተኳሹ: ወረቀት መተኮስ አልለመድኩማ።

ሊቁ: [ሱሪውን አውልቆ ጉርዱን ያጠልቃል። በመስተዋቱ ፊት አንዴ ይዞራል፤ ሽንሽኑ ተከትሎት ይዞራል። ደስ አለው፤ ደስ እንዳይለው ደግሞ ፊቱን ኮስተር አደረገ።] ለመሆኑ ሱሪ የወንድ ነው ያለው ማን ነው? ጨርቅ ወንድና ሴት አለው? መቀሴ ሲቆርጠው "አንተ የማን ነህ?" ብሎ ይጠይቀዋል? ሴቶቹ ሱሪ ሲለብሱ ሰማይ ተደፋ? አልተደፋም! እኛ ግን ይኸው በየእግራችን አንድ አንድ ቱቦ አጥልቀን እንሸብታለን። ሰው የተመቸውን ይልበስ! ምን ቸገረን?

ተኳሹ: ይሄን ንግግር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ።

ሊቁ: ከማን?

ተኳሹ: ከራሴ። ያኔ ስለምንህ።

ሊቁ: አንተ ስትለው ጥሬ ነበር። እኔ አበሰልኩት።

ተኳሹ: እሺ፣ "ያለ መነጽር" የሚለውስ? ጉርዱ ነው ያለ መነጽር ወይስ ሰውየው?

ሊቁ: ጉርድ መነጽር ያደርጋል?

ተኳሹ: ኧረ አያደርግም።

ሊቁ: እንግዲያ ሰውየው ነው። ይሄም ያስጠይቃል? [መነጽሩን አውልቆ በልማድ ወደ ጎኑ ይሰዳል። እጁ ጭኑን አገኘ እንጂ ኪስ አላገኘም።] እ... እዚህ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ።

ተኳሹ: ደረጃው ይታይሃል?

ሊቁ: በዐይኔ ነው እንዴ የምወጣው? ና፣ እንሂድ።

ተኳሹ: አንተ ቅደም፣ ሊቅ ይቅደም። እኔ ሽንሽኔን ተኩሼ እከተልሃለሁ።

[ሊቁ በሩን ለአንድ አፍታ በእጁ ፈልጎ ወጣ። ተኳሹ ጉርዱን ለበሰ፤ ካውያው ላይ ቆሞ እንፋሎቱን ለቀቀው፤ ዐይኑን ጨፍኖ "እፎይ" አለ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ ሳቅ ተሰማ። ሳቁ መጀመሪያ አራተኛ ፎቅ ነበር፤ ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ እያለ ወረደ። በመጨረሻ በሩ ተበረገደና ሊቁ ገባ።]

ሊቁ: ፎቶ!

ተኳሹ: ምን ፎቶ?

ሊቁ: ጉርድ ፎቶ! ለመግቢያ ካርድ! ጉርድ ፎቶግራፍ ነው ያሉት!

ተኳሹ: አሃ! ለካ እሱም ጉርድ ይባላል!

ሊቁ: ሰልፈኛው ሁሉ በእጁ ይዞት ኖሯል። ያለ መነጽር ምን ይታየኛል? ነጭ ነጭ ነገር አየሁ፤ የጉርዳቸውን ናሙና የያዙ መሰለኝ!

ተኳሹ: እሺ፣ ከዚያስ?

ሊቁ: ጸሐፊዋ "ጉርድ ይዘዋል?" አለችኝ። "ለብሼዋለሁ" አልኳት።

ተኳሹ: ጎበዝ።

ሊቁ: "በቅርብ የተነሣ ነው?" አለችኝ። "አራት ጣት ተነሥቷል፤ ከዚህ በላይማ ነውር ነው" አልኳት።

ተኳሹ: እሷስ ምን አለች?

ሊቁ: ብዕሯን አስቀምጣ "ለመሆኑ ጀርባው ነጭ ነው?" አለችኝ።

ተኳሹ: እንዳትለኝ!

ሊቁ: ዞርኩላት።

[ተኳሹ ካውያውን አስቀመጠ። ሳቅና ካውያ አንድ ላይ አይያዙም።]

ሊቁ: ደግሞ ዝም ብዬ መች ዞርኩ! ጎንበስ ብዬ ነው! ነጩ በደንብ ይታያት ብዬ! "ሽንሽኑንም ይቁጠሩት፣ አራት ነው" አልኳት!

ተኳሹ: ቆጠረችው?

ሊቁ: ሰልፈኛው ነው የቆጠረው! ጮክ ብሎ!

ተኳሹ: ውይ ሊቁ! ውይ አማቼ! አፈርክ?

ሊቁ: አፈርኩ ወይ ትለኛለህ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደረጃውን በሩጫ ስወርድ ደግሞ የሕንፃው ጥበቃ ከኋላዬ ይሮጣል። ሊያስወጣኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። [ድምፁን ዝቅ አደረገ።] ለካ ሊጠይቀኝ ኖሯል። "ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የምቆመው፤ ይሄ ነገር ያናፍሳል?" አለኝ።

ተኳሹ: ምን አልከው?

ሊቁ: እውነቱን ነዋ። ስሮጥ እኮ በደረጃው ንፋስ ሽው ሲል... [ጉርዱን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ለቀቀ።] ደስ ይላል። ወገቤን ለካልኝ አለኝ። የሕንፃው ዳቦ ጋጋሪም ሰምቶ "እኔስ ምድጃ ዳር የምውለው?" ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም ከሰዓት ይመጣሉ።

ተኳሹ: ኪስ አድርግላቸው።

ሊቁ: ኪስማ ግድ ነው! ኪስ ቢኖረኝ መነጽሬ አብሮኝ ነበር፤ መነጽሬ አብሮኝ ቢሆን ደግሞ...

ተኳሹ: አሁን እሱን ተወውና ሩጥ፣ ፎቶ ተነሣ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ሊቁ: እንዲህ ለብሼ?

ተኳሹ: ጉርድ ፎቶ ከደረት በላይ ነው። ጉርዱ ጉርዱን አያሳይም።

ሊቁ: ይሄስ እውነት ነው። [ወደ በሩ ሄዶ ቆመ።] አንተስ? አብረን እንነሣ እንጂ። ነገ በምን ልትገባ ነው?

ተኳሹ: እኔማ ጨርሻለሁ። [እጁን ከጉርዱ ኪስ ከትቶ አዲስ የመግቢያ ካርድ አወጣ።] ትናንት ፎቶዬን ሰጥቼ ወሰድኩ።

[ሊቁ መነጽሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ አጠለቀ። ካርዱን አየ፤ ፎቶው ባለ ቀለም ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው። ቀና ብሎ አማቹን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አነሣ። ከ"ጉርድ" ቀጥሎ ያለችው አንዲት ቃል በካውያ አፍንጫ ልክ ጠቁራለች፤ ከፊቷም ከኋላዋም ያለ ፊደል አልተነካም።]

ሊቁ: ቆይ... ቆይ አንተ! ዐሥራ አምስት ዓመት አንዲት ክር ያላቃጠለ ሰው፣ ካውያው እንዴት እዚች ቃል ላይ ብቻ አመለጠህ?

ተኳሹ: [ነጭ ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ንፋስ እያስገባ] መች አመለጠኝ? ተኳሽ እኮ ነኝ፣ ሊቁ። አነጣጥሬ ነው የመታኋት።