አልሞተችም፣ እየበላች ነው

በየሰፈሩ ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ውሃ የት እንደሚገኝ፣ የማን አጥር በማን ይዞታ ላይ እንደቆመ፣ ጽጌረዳችሁ ለምን እንደደረቀች ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። በጂንካ የእኛ ሰፈር ይህ ከፍተኛ ሥልጣን የተሰጠው ለክቡር ጋሽ ኤርጎ ነው። ጋሽ ኤርጎ ሠላሳ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ የአሪ ሰው ናቸው። ሲያነጋግሯችሁ ፊታችሁን ሳይሆን የቆማችሁበትን አፈር ያያሉ።

በ2009 ክረምት ከከተማው በላይ ካለው ጫካ ኦርኪድ የምትባል አንዲት የዱር አበባ ነቅዬ አመጣሁ። አሮጌ ባልዲ ውስጥ ምርጥ ኮምፖስት ሞልቼ ተከልኳት። በሳምንቱ ጠወለገች። ጋሽ ኤርጎ ሳይጠሩ መጡና ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«ከማን ለይተህ ነው ያመጣሃት?»

«ብቻዋን ነበረች።»

«ብቻዋን የምትኖር ኦርኪድ የለችም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ።

ያኔውኑ ከነባልዲዬ ጫካ ወሰዱኝ። የነቀልኩበትን ጉድጓድ አግኝተው አፈሩን በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ከሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር በየአቅጣጫው ይሄዳል።

«ፈንገስ ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ነው፣ ስንቅ የለውም። ይሄ ክር አግኝቶ ካላበላው አይበቅልም። ካደገችም በኋላ ሲከፋት ቅጠሏን ጥላ ታች ትቀራለች። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። እሱ ይቀልባታል።»

ጫካው ጸጥ ብሏል። የቆምኩበት መሬት የሚያዳምጠን መሰለኝና እግሬን የማሳርፍበት ጠፋኝ። እዚያው መልሰን ቀበርናት፤ ተከልናት ለማለት አፌ አልደፈረም።

በዓመቱ አልወጣችም። በሁለተኛውም ዓመት አልወጣችም። ጋሽ ኤርጎ ግን ሐሙስ ሐሙስ እየሄዱ ይጠይቋታል። ልጃቸው ኤልዳና «አባዬ፣ ሞታለች፣ ተዋት» ስትላቸው፣ «አልሞተችም፣ እየበላች ነው» ይላሉ። ሰፈሩ ይስቃል። እሳቸው ይህን ሲሉ ፈገግ ስለማይሉ ግን ሳቁ ብዙ አይቆይም።

በሦስተኛው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ልጠይቃቸው ብሄድ ኦክስጅኑን ከአፍንጫቸው አንስተው «ሂድና እያት» አሉኝ።

ብቻዬን ሄድኩ። በእኩለ ቀን ጉም ዛፎቹን ውጧቸዋል፤ የወፍ ድምፅ እንኳን የለም። ከመሬት በላይ ምንም አይታይም። ተንበርክኬ በጣቴ ቆፈር ቆፈር አደረግሁ። እንደ ሰው አውራ ጣት ያለ ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። የእሷ ሥር ነበር። ሦስት ዓመት ፀሐይ ሳታይ አልደረቀችም፣ አልበሰበሰችም። ነጩ ክር ዙሪያዋን ይዟታል።

በባጃጅ ስመለስ፣ በሽተኛ ደስ ይበለው ብዬ «አብባለች» ልላቸው አስቤ ነበር። ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ።

«አልወጣችም» አልኳቸው። «ግን አለች።»

ዓይናቸው በራ። «አልብሰሃታል?»

«አፈሩን መልሻለሁ።»

«ምን አልካት?»

ኤልዳና አጠገባችን ቆማ ስለነበር አፈርኩ። «ጋሽ ኤርጎ የቀሩት አሟቸው ነው፣ እስኪሻላቸው እኔ እመጣለሁ አልኳት።»

ጋሽ ኤርጎ ደግ አደረግህ በሚል ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁና ኦክስጅኑን ራሳቸው መልሰው አደረጉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ድነው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው።