አቡ ሙትላቅ ያዘዙት ኪኒን

በኩዌት ድዋኒያ ያለበት ሰፈር ሐኪም አያጣም። ይህ ወንዶች አምሽተው የሚጫወቱበት ክፍል ምንጣፍና ትራስ እንዳለው ሁሉ፣ ጥግ ይዘው የሚያክሙ አንድ አዛውንትም አሉት። ዲግሪ የላቸውም፤ ራሳቸው ታመው ያካበቱት ልምድ ግን ሞልቷል።

የእኛ ሰፈር ክቡር ሐኪም አቡ ሙትላቅ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ ዕቃ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አሁን የሚፈትሹት ሰው ነው። የነጭ ቀሚሳቸው ኪስ ፋርማሲ ነው። አንዱ "አመመኝ" ካለ ሻዩ ሳይቀዳለት ኪኒኑ ይቀርብለታል፤ እምቢ ቢል የቀረበለትን ተምር እንደገፋ እንግዳ ይታያል። "እኔን ያዳነ አንተን ይገድላል እንዴ?" ይላሉ።

አንድ ሰሞን ጎረቤታችን አቡ ዛይድ እግሬ አበጠ ቢሉ፣ አቡ ሙትላቅ ውሃ የሚያስወጣውን የራሳቸውን ኪኒን ሰጧቸው። አቡ ዛይድ የካርታውን ጨዋታ ሰባት ጊዜ እያቋረጡ ሽንት ቤት ተመላለሱ። በእሳቸው ጦስ የተሸነፈው አጋራቸው ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። አቡ ሙትላቅ ግን "አያችሁ፣ ሠራ!" አሉ።

እኔ ፈላህ እባላለሁ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ፣ ያ ያለ ኢንሱሊን የማያኖረው ዓይነት። አምና ወጣቷ ዶክተር ሸይኻ የደሜን ስብ አይታ፣ ልቤን እንዲጠብቅልኝ በቀን አንድ ኪኒን አዘዘችልኝ። ጥፋቴ ኪኒኑን ድዋኒያ ውስጥ ከኪሴ ማውጣቴ ነው።

"ምንድን ነው እሱ?" አቡ ሙትላቅ መነጽራቸውን አደረጉ። "ይሄማ የኔ ነው! የልብ ኪኒን! ይሄን ጎረምሳ እዩልኝ፣ ሳያገባ ሸመገለ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ምርኩዝ አምጡለት!" ያለም ነበር።

"እኔ ልንገርህ ልጄ፣ አንተ መርፌህን ተወጋ። ልብ የኛ ፋንታ ነው።"

አፈርኩና ኪኒኑን አራት ወር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቀጣዩ የምርመራ ውጤት ብሶ መጣ።

"ማነው ተው ያለህ?" አለች ዶክተሯ ተቆጥታ።

"አንድ ሐኪም።"

"የት ነው የሚሠሩት?"

"ድዋኒያ።"

"ይዘሃቸው ና!"

አቡ ሙትላቅ ለምክክር የተጠሩ መስሏቸው፣ ሽቶ ተቀብተው ራሳቸው መኪና ነድተው ወሰዱኝ። ገና ሳይቀመጡ "እኔ ልንገርሽ የኔ ልጅ፣ በሃያ አንድ ዓመት ልብ ያማል እንዴ?" አሏት።

"ስኳር ያለበት ወጣት ከእኩዮቹ ቀድሞ ልቡን ሊታመም ይችላል፣ አባቴ። የደም ሥሮቹ አሥራ ሁለት ዓመት ስኳር ተሸክመዋል። ስቡም በምግብ ብቻ አልወርድ ብሏል። ወላጅ አባቱ በሕይወት እንደሌሉ መዝገቡ ላይ አለ፤ በምን ነው ያረፉት?"

አቡ ሙትላቅ ቀድመውኝ መለሱ። "በልብ። በአርባ አራት ዓመቱ፣ አጠገቤ ተቀምጦ። ደረቴን ወጋኝ ሲለኝ ጨጓራህ ነው ብዬ የጨጓራ ኪኒን ሰጠሁት።"

የጨጓራውን ኪኒን ነገር አላውቅም ነበር። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንዴም "እኔ ልንገርህ" አላሉም። አሳዘኑኝ።

በማግስቱ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ድዋኒያው ሞልቶ ሳለ አዋጅ አስነገሩ። "ፈላህ የልብ ኪኒኑን ይውጣል። ያዘዝኩለት እኔ ነኝ! የሚስቅ ካለ ሻይ የለውም!" የዶክተሯ ስም አልተነሳም። የራሳቸውን ኪኒን አውጥተው፣ ውሃ ይዘው ጠበቁኝና አብረን ዋጥን። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እንዲሁ ነው። ኪሳቸውም ለሌላው ሰው ተዘግቷል፤ አቡ ዛይድ ራሴን አመመኝ ቢሉ "ሐኪም ጋ ሂድ!" ተባሉ፣ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቃቸውም።

ባለፈው ሳምንት አቡ ሙትላቅ ለዑምራ መካ ሄዱ። እኔም ኪኒኔን በሰዓቱ ውጬ ሻዬን እየጠጣሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከኋላቸው የሕዝብ ጫጫታ ይሰማል።

"ዋጥክ?"

እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

"ኧረ ገና ነኝ፣ አጎቴ።"

"እኔ ልንገርህ! አሁኑኑ ዋጥ፣ እየሰማሁህ!"

ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ድምፅ እያሰማሁ ጠጣሁላቸው።